የኢዮቤልዩው ስም ዝርዝር

ፈሪ መሆኔን ከሰው ከምትሰሙ ከእኔው ስሙት። ነጎድጓድ እፈራለሁ፤ ውሻ እፈራለሁ፤ ማኅተም ያረፈበት ፖስታ ደግሞ ከሁለቱም አብልጬ እፈራለሁ። እናቴ በሕይወት ሳለች "ፈሪ ለናቱ" እያለች ትስቅብኝ ነበር፤ እውነትም ለእሷ ተርፌላታለሁ። ለሌላ ሰው ግን መዘዝ ሆኛለሁ። የተማርሁበት ዩኒቨርሲቲ ሃምሳኛ ዓመቱን ያከበረ ጊዜ በጓደኛዬ ላይ ያደረግሁትን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴም እንኳ ግማሹን ነው የነገርኋቸው።

ያ የተጋጋለ ምርጫ አልፎ፣ ሰው በገዛ ቤቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወራበት ጊዜ ነበር። እኔ ቡሬ ላይ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ከገበያው ከፍ ብሎ ባለ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ፤ በዚያው ግቢ ሁለት ክፍል ይዞ ከሚስቱ ጋር የሚኖር የጂኦግራፊ መምህር አለ። ዩኒቨርሲቲ የገባነውም የተመረቅነውም በአንድ ዓመት ነው። ወንድም የለኝም፤ እሱ ግን ከወንድም አላነሰኝም። እናቴ የታመመች ጊዜ ከገጠር እስከ መኪና መንገዱ ቃሬዛ ከተሸከሙት አራት ሰዎች አንዱ እሱ ነበር፤ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታልም እስክታርፍ ድረስ ከአጠገቤ አልተለየም። ተጫዋች ሰው ነው። ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ስንመለስ አንድ ቀን "ድምፄን ሰጥቼ ደረሰኝ ሳይሰጡኝ ተመለስሁ" አለኝ። ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ከእኔ በቀር የሰማው ሰው አልነበረም።

ሐሙስ ዕለት በእረፍት ሰዓት የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ በመስኮት ጠቀሰችኝ። ገብቼ በሩን ስዘጋ ከመሳቢያዋ አንድ ወረቀት አወጣች። ከዞን ወደ ወረዳ በፋክስ የተላከ፣ ከወረዳ ደግሞ በተላላኪ ወደ እኛ የመጣ ነው። ራስጌው ላይ ርዕስ የለውም፤ ግርጌው ላይ ፊርማም ማኅተምም የለውም፤ "ገጽ 2" ይላል ብቻ። የቀረው ሰንጠረዥ ነው፦ ሙሉ ስም፣ ዩኒቨርሲቲ የገቡበት ዓመት፣ የተማሩት ትምህርት፣ አሁን የሚሠሩበት ቦታ። ከትምህርት ቤታችን ሦስት ስም አለ፤ የእኔ፣ የጂኦግራፊው መምህርና ከሁለት ዓመት በፊት በወሊድ የሞተችው የኬሚስትሪ መምህርት።

"የሞተችውንም ይፈልጓታል?" አልሁ።

ጸሐፊዋ አማተበች። "ከወረዳ ደውለው 'ስማቸው ያለ ሁሉ ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ፍኖተ ሰላም፣ ዞን አዳራሽ፣ መታወቂያ ይዘው ይገኙ' ነው ያሉኝ። ለምን ብዬ ሳልጠይቅ ስልኩ ተቋረጠ። ባይቋረጥም አልጠይቅ።"

የመጀመሪያው ገጽ በዞኑ ፋክስ ሆድ ውስጥ ተሸብሽቦ ቀርቷል። እሱ ላይ የዩኒቨርሲቲው ዓርማ ነበረበት፤ "ውድ የቀድሞ ተማሪያችን" የሚል ነበረበት፤ ስለ ወርቅ ኢዮቤልዩና ስለ ምሳ ግብዣ ያወራ ነበር። ይህን ሁሉ ያወቅነው በኋላ ነው። ያን ቀን በእጃችን የገባው ስማችን ብቻ ነው።

ለጂኦግራፊው መምህር ስነግረው የጠመኔ አቧራ ከእጁ እያራገፈ "ሥልጠና ይሆናላ" አለ። ቀጥሎም "ደውለን እንጠይቅ እንጂ፤ ምን ያስጨንቀናል?" ብሎ ወደ ቢሮ ሊሄድ ተነሣ። እጁን ለቀም አደረግሁት።

"በፈጠረህ አትጠይቅ! የጠየቀ ሰው የሚያስፈራው ነገር ቢኖር ነው ይባላል።"

ያኔ የምናስበው እንዲህ ነበር። ስምህ ሲጠራ ትሄዳለህ እንጂ ለምን ተጠራሁ አትልም፤ ለምን ካልህ ምክንያቱን አንተው የምታውቀው ይመስላል። እሱ እንኳ ይህን ያህል የሚፈራ ሰው አልነበረም፤ ፊቴ ላይ ያየው ነገር አሳዘነውና "እሺ፣ አንቺ ካልሽ" ብሎ ተቀመጠ። መዳኛችን አንዲት የስልክ ጥሪ ነበረች፤ እሷንም ያስቀረሁት እኔ ነኝ።

ከሰዓት በኋላ ክፍል ገብቼ ስለ ቅጠል እያስተማርሁ ልቤ ሦስቱን ስሞች ያገላብጣል። እኛን ሦስታችንን ምን አንድ ያደርገናል? መልሱን ለማግኘት ደግሞ ብዙ አልፈጀብኝም። የአንድ ዩኒቨርሲቲ ምሩቆች ነን! ደህና ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ሲደርስ "እንግዲያውስ የትምህርት ጉዳይ ነው" ብሎ ይተነፍስ ነበር። እኔ ግን ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። ሦስተኛ ዓመት ሳለን ማደሪያችን ውኃ ጠፍቶ ሦስት ሳምንት በጀሪካን ከውጭ ስንቀዳ ከርመን ነበር። በመጨረሻ ተማሪው ማመልከቻ ጻፈ። ወረቀቱን ከክፍል ክፍል እያዞረ ያስፈረመው የዛሬው የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ከእሱ በታች እኔ ፈረምሁ፤ ከእኔ በታች ሟቿ ፈረመች። "ከበስተጀርባው ማን አለ?" ተብለው የተጠየቁ ልጆች ነበሩ፤ ከዚያ ነገሩ በረደ። ውኃውም መጣ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ያ ወረቀት አንድ ቦታ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ቀን እንደሚጠብቅ ሳስብ ኖሬአለሁ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ሰንጠረዡን ሳየው የታየኝ ያ ማመልከቻ ነበር።

ዓርብ የማስተምረው እስከ እኩለ ቀን ስለነበር፣ ጨርሼ አባቴ ዘንድ ወረድሁ፤ ከቡሬ በእግር ሁለት ሰዓት ነው። አባቴ በአውድማው ላይ በርበሬ አስጥተው ሲያገላብጡ ደረስሁ።

"ምን ሁነሽ ነው ልጄ? ፊትሽ አመድ ለብሷልሳ?"

ነገርኋቸው። ሰምተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

"ለግብር ነው?"

"አይደለም አባ።"

"ለመሬት ነው?"

"እኔ ምን መሬት አለኝ ብለው ነው?"

"እንግዲያ ክፉ ነው" አሉ። "እኔ በዕድሜዬ ስሜ በመንግሥት ወረቀት ስንት ጊዜ ሰፍሯል መሰለሽ። ለግብር ተጽፏል፤ ለዘመቻ ተጽፏል፤ መሬት ሲሸነሸን ተጽፏል። ለደስታ ተጽፎ አላየሁም።"

አባቴን አልወቅሳቸውም። ከሦስት መንግሥት የተማሩትን ነው የነገሩኝ። ከዚያም የእህታቸውን ልጅ አስታወሱኝ። ይህ የአክስቴ ልጅ ቡሬ ውስጥ ቢሮ አለው፤ ምን እንደሚሠራ ግን በትክክል የምናውቅ አልነበርንም፤ ዘመዱ ሁሉ "የጸጥታ ሰው ነው" ይላል፤ እሱም አይደለሁም ብሎ አያውቅም። "ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ" አሉ አባቴ። "ባዶ እጅሽን እንዳትሄጂ ብቻ።" የደረቀውን በርበሬ መርጠው በስልቻ ሞሉልኝ።

ቅዳሜ ያን ስልቻ አሸክሜ የአክስቴ ልጅ ቤት ሄድሁ። ሚስቱ በርበሬውን አንሥታ ወደ ብርሃን እያየች "ቀለሙ ሲያምር!" አለች፤ ወደ ጓዳ ይዛው ገባች። እኔና እሱ ብቻችንን ስንቀር የሆነውን ሁሉ ነገርሁት። ስለዚያ ዝርዝር ምንም አያውቅም ነበር። ይህን አሁን አውቃለሁ። ነገር ግን ከአፉ "አላውቅም" የምትል ቃል ከምትወጣ አንገቱ ቢቆረጥ የሚመርጥ ሰው ነው። ቅንድቡን ወደ ላይ ሰቀለ፤ ጉሮሮውን ጠራረገ።

"እ... እሱ ነገር" አለ። "አይቼዋለሁ።"

"አይተኸዋል? ምንድን ነው ወንድምዓለም?"

"እሱን ልነግርሽ አልችልም። እኔ እያለሁ ግን ምንም አትሆኚም። ለሁሉም መከላከያ እንዲሆንሽ አንድ ነገር ጽፈሽ እኔ ዘንድ ትተዪ።" ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ አመጣ።

"ስለ ራሴ ልጻፍ?"

"ስለ ራስሽ ምን ያደርግልሻል? ሰው ስለ ራሱ ሁልጊዜም ደህና ነው የሚጽፈው። ስለ ሌላው ነው እንጂ። ያ ግቢሽ ያለው የጂኦግራፊ መምህር ምን ይላል?"

"ኧረ እሱ ምንም አይልም።"

"በዚህ ዘመን ምንም የማይል ሰው አለ?"

እስክሪብቶውን አንሥቼ መልሼ አስቀመጥሁት። እሱ አልተቆጣኝም፤ አላስፈራራኝም፤ የሚያስፈራራኝስ መች አጣሁና፣ ሁሉንም ከቤቴ ይዤው መጥቼ ነበር። ስለ ደረሰኙ የተቀለደውን ቀልድ ነገርሁት። አልሳቀም።

"እሱን ጻፊው። ለተማሪዎችስ ይናገራል?"

"እሱን አላውቅም።"

"አንድ ግቢ እየኖርሽ፣ አንድ ትምህርት ቤት እያስተማርሽ አላውቅም ስትዪ ማን ያምንሻል? ራስሽን ነው የምታስጠረጥሪው። 'ሳይናገር አይቀርም' በያ። ይኸ ውሸት አይደለም፤ ግምት ነው።"

ጻፍሁ። "ለተማሪዎቹም ሳይናገር አይቀርም።" ሦስት ቃል ናት። ጽሕፈቴ ቆንጆ ነው፤ ተማሪዎቼ ሁሌ የሚያመሰግኑት ነው፤ ያን ቀን ግን ከወትሮው አሳምሬ ጻፍሁ። ፈርሜ ስነሣ ሚስቱ ምሳ አቅርባ ነበርና በላሁ። እንዴት እንደበላሁ አይገባኝም፤ ግን በላሁ፤ ጣፍጦኝም ነበር። ለሁለት ቀን ያልበላሁ ሰው ነበርሁና።

እሁድ ከክፍሌ አልወጣሁም። የጂኦግራፊው መምህር ሚስት በሩን አንኳኩታ "አሞሽ ነው እንዴ እህቴ?" አለችኝ፤ አጥሚት ሠርታ መጥታለች። ያኔ የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ እስክጨርሰው ጠበቀችኝ።

ሰኞ ጠዋት እሱና እኔ በሚኒባስ ተሳፈርን። እኔ በቦርሳዬ ጋቢ፣ ቅያሪ ልብስና ሳሙና ይዣለሁ። እሱ የያዘው ሚስቱ የጋገረችውን ዳቦ ብቻ ነው። ጋቢውን አይቶ "ልታድሪ ነው?" ብሎ ሳቀ፤ ወዲያው ዓይኔ ማበጡን ሲያይ ሳቁን ተወው። ማንኩሳን ስናልፍ ዳቦውን ቆርሶ ሰጠኝና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ያ የውኃው ማመልከቻ ከሆነ የሚያስጨንቅሽ፣ እሷን ያስፈረምኋት እኔ ነኝ እላለሁ። ምን እንደሆነ እንኳ አላነበበችውም እላለሁ። አይዞሽ።"

ያኔ ልነግረው ይገባ ነበር። አፌን ከፍቼም ነበር፤ ረዳቱ "ሒሳብ!" ሲል መልሼ ዘጋሁት።

ፍኖተ ሰላም ወርደን በባጃጅና በጋሪ መካከል እየተሹለከለክን ወደ አዳራሹ ስንቃረብ ሙዚቃ ሰማን። ሙዚቃ! አጥሩ ላይ "የወርቅ ኢዮቤልዩ፤ 50ኛ ዓመት" የሚል ትልቅ ጨርቅ ተሰቅሏል። በሩ ላይ አንዲት ልጅ ዝርዝሩን ይዛ፣ ፊቷ በፈገግታ በርቶ "እንኳን ደህና መጣችሁ!" እያለች ለሰው ሁሉ ነጭ ካናቴራና ኮፍያ ታድላለች። ዩኒቨርሲቲው በየዞኑ እየዞረ የቀድሞ ተማሪዎቹን ሊያሰባስብና ለትልቁ በዓል ሊጠራ ነው የመጣው።

አዳራሹ ውስጥ ያየሁትን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ሳቅና ዕንባ ይታገሉኛል። የሰው ግማሹ ጋቢ ይዟል። አንዱ ከፈረስ ቤት ከተማ የመጣ መምህር "እኔ ንስሐ ገብቼ፣ ቆርቤ ነው የመጣሁት!" ብሎ ሲናገር ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንዲት ሴት ልጆቿን ለእናቷ አደራ ሰጥታ እንደመጣች እየነገረችን ታለቅሳለች፤ እያለቀሰች ትስቃለች። የመጀመሪያው ገጽ ለአንድም ወረዳ በወጉ አልደረሰም። አንድም ሰው ደግሞ ደውሎ አልጠየቀም። የተማርን ነን እኮ! መምህሩ፣ የእርሻ ባለሙያው፣ የጤና መኮንኑ፣ ሁላችንም በዲግሪያችን ልክ ፈርተን ነው የመጣነው። ልጅቷ የሟቿን የኬሚስትሪ መምህርት ስም ስትጠራ ሳቁ ቆመ፤ ተነሥተን የኅሊና ጸሎት አደረግን።

ከዚያ ቅጽ ታደለን። መጨረሻው ላይ "በግቢው ቆይታዎ የማይረሱት ትዝታ" የሚል ክፍት ቦታ አለ፤ ለመጽሔት ነው ተባለ። የጂኦግራፊው መምህር ካናቴራውን ከሸሚዙ ላይ ደርቦ፣ ምላሱን በጥርሱ ነክሶ እንደ ተማሪ ይጽፋል። እኔ የእኔን ባዶውን መለስሁት። ሰው ሁሉ እፎይ ሲል የእኔ ፍርሃት ገና ተነሥቶ መቆሙ ነበር። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የፈራሁት ለራሴ ነው።

ምሳውን ትቼ ቡሬ ተመለስሁና ከመኪና እንደወረድሁ የአክስቴ ልጅ ዘንድ ሮጥሁ። ለስብሰባ ሄዷል። ማክሰኞም የለም። ረቡዕ አገኘሁት።

"ወረቀቴን ስጠኝ" አልሁት። "ዝርዝሩ እኮ የበዓል ነው! የዩኒቨርሲቲው ልደት ነው! ካናቴራ ነው የሰጡን!"

"ሰማሁ" አለ። ትንሽ አፍሯል፤ ግን ማፈሩን በቁጣ ሸፈነው። "ወረቀቱ የለም። ወደ በላይ ወጥቷል።"

"ለምን ላክኸው? ለእኔ መከላከያ እንዲሆን አይደለም እንዴ ያልኸኝ?"

"አንቺ የጻፍሽው ስለ ዝርዝሩ ነው? ስለ ሰውየው ነው እንጂ። ዝርዝሩ የበዓል ቢሆን የሰውየው ነገር ይቀራል?"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከእስክሪብቶ የወጣው ግን አፋፉንም ተሻግሮ ይሄዳል። እዚያው ደጃፉ ላይ ቆሜ አለቀስሁ። እሱም አዘነልኝ መሰለኝ "ምናልባት አይነኩትም ይሆናል" አለኝ። ያችን "ምናልባት" ይዤ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

እዚህ ላይ ነው ለንስሐ አባቴ ያልነገርኋቸው ግማሹ። ከዚያች ረቡዕ ጀምሮ አራት ሳምንት ነበረኝ። በግቢያችን በር በየቀኑ አብረን እንወጣለን፤ አብረን እንገባለን። "እንዲህ አድርጌብሃለሁ፤ ዘመድህ ዘንድ ዘወር በል" ማለት እችል ነበር። አልሁት? አላልሁትም። መጀመሪያ መንግሥትን ፈራሁ፤ ቀጥዬ ደግሞ የእሱን ፊት ፈራሁ። ሁለተኛው ፍርሃት ከመጀመሪያው ይከፋል፤ በማንም አይሳበብም። ጠዋት ጠዋት ጥርሱን ሲፍቅ ድምፁን ስሰማ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬም አለ" እላለሁ፤ እሱ ደግሞ ለበዓሉ ስለሚለብሰው ኮት ከሚስቱ ጋር ይከራከራል።

በዓሉ አንድ ሳምንት ሲቀረው ወሰዱት። ሁለት ሰዎች ክፍሉ በር ላይ ቆሙ። ተማሪዎቹን ሰሌዳው ላይ የሣለውን የወንዞች ካርታ እንዲገለብጡ አዝዟቸው፣ ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ ወጣ። ይህን የነገሩኝ ተማሪዎቹ ናቸው፤ እኔ በሚቀጥለው ክፍል ውስጥ ነበርሁ፤ የእርምጃቸውን ድምፅ ሰምቼ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ መጻፌን ቀጥያለሁ። ከዚያ በኋላ ለሚስቱ ምሳ ዕቃውን እየተሸከምሁ እስከ ፖሊስ ጣቢያው በር የማደርሳት እኔ ሆንሁ። እሷ ትታመማለች፤ መንገዱ ዳገት ነው። "እግዜር አንቺን ባይሰጠኝ ምን ይውጠኝ ነበር" ትለኛለች። በዚያ ዳገት ላይ ከዚህ የሚከብድ ነገር ተሸክሜ አላውቅም።

ለኢዮቤልዩው ሄድሁ። ብቀር "ለምን ቀረች?" ይባላል ብዬ ፈርቼ ነው የሄድሁት፤ ያንንም ከፍርሃቴ ቍጠሩት። ዩኒቨርሲቲው አምሮበታል፤ ግንዱ ሁሉ ኖራ ተቀብቷል፤ መንገዱ ታጥቧል። በየተመረቅንበት ዓመት ተሰልፈን፣ ከፊታችን ማርሽ እየተመታ በግቢው ዞርን። ከዘራ የያዙ የመጀመሪያው ዙር ምሩቃን ከፊት ነበሩ፤ ሰው ለእነሱ ሲያጨበጭብ አንደኛው አዛውንት ኮፍያቸውን አውልቀው አለቀሱ። አንድ ተናጋሪ "እዚህ ግቢ ያስተማራችሁ ትልቁ ነገር ሳይፈሩ መጠየቅን ነው" አለ። አጨበጨብሁ። ከሌላው ሰው እኩል አጨበጨብሁ።

ለፎቶ ስንሰለፍ አንድ የድሮ የግቢ ጓደኛችን "ያ 'ውኃ! ውኃ!' ሲል የነበረው የት አለ? ካንቺ ጋር አይደል እንዴ ያለው?" አለኝ። "ሥራ በዝቶበት ነው" አልሁ።

የበዓሉን መጽሔት የከፈትሁት አውቶቡስ ውስጥ ነው። በየገጹ የቀድሞ ተማሪዎች ትዝታ ወጥቷል። ስሙን ሳገኝ ልዘጋው ፈለግሁ፤ አልቻልሁም። ስለ ውኃው ነበር የጻፈው፤ ስለ ጀሪካኑ፣ ስለ ማመልከቻው። መጨረሻው ላይ እንዲህ ይላል፦ "አንዲት የዓመታችን ልጅ ከሁላችንም ይልቅ ፈሪ ነበረች። ከእኔ በታች ስትፈርም እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ነገር ግን ፈረመች። ከግቢው ትዝታ ሁሉ የማይረሳኝ ያ ነው፤ የማይፈራ ሰውማ መፈረሙ ምን ይደንቃል?" እስከ ቡሬ ድረስ ፊቴን በኮፍያው ሸፍኜ ተጓዝሁ።

በሰባተኛው ሳምንት ፈቱት። ማስረጃ አልተገኘም ተባለ፤ ሆኖም ከቡሬ ተነሥቶ ወደ ዓባይ ቆላ እንዲዛወር ደብዳቤ ደረሰው። ጎረቤቱ፣ መምህሩ፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ "እንኳን ለቤትህ አበቃህ" ሊለው መጣ፤ እኔም የምቀርበት ምክንያት አልነበረኝምና ገባሁ። ከስቷል፤ ጢሙ አድጓል፤ ጨዋታው ግን አልተለየውም። ሰው ሲወጣ ሲወጣ እኔ የመጨረሻዋ ሆኜ ቀረሁ። ሚስቱ ጠላ ልትጨምር ወደ ጓዳ ገባች። ያኔ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ ጠየቀኝ።

"ያን ነገር የጻፍሽው ከዚያች ሰኞ በፊት ነው ወይስ በኋላ?"

ሲመረምሩት የደረሰኟን ቀልድ አንብበውለታል። ከእኔ በቀር ማንም እንዳልሰማት ከእኔ በላይ ያውቃል።

"በፊት ነው" አልሁ።

"በፊት ከሆነ ፈርተሽ ነዋ" አለ። እንደመሳቅም ቃጣው። "በኋላ ቢሆን ነበር የሚከፋኝ።"

ከሰኞ በኋላ ዝም ያልኋቸውን ሳምንታት አልጠየቀኝም። ጠይቆኝ ቢሆን ምን እንደምመልስለት እስከ ዛሬ አስባለሁ። ሚስቱ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ስትመለስ የእኔን መጠጫ ቀድማ ሞላችና ወደ ባሏ ዞራ "ይህቺን እህታችንን አመስግናት፤ እኔንም የሆዴን ልጅም ያቆመችን እሷ ናት" አለችው። ቀና ብሎ አየኝ። "አመስግኛታለሁ" አላት።

ቆላ ከወረዱ በኋላ ልጅ ተወለደላቸው፤ ሌላም ተደገመ። እሱ ወደ ቡሬ ድርሽ ብሎ አያውቅም። ሚስቱ ግን ለገበያም ለሕክምናም ትመጣለች። ልጆቹን "አክስታችሁን ሳሙ" ትላቸዋለች፤ ይስሙኛል። ሌሊት እሷ አጠገቤ ተኝታ ስትተነፍስ እሰማለሁ፤ እኔ እንቅልፍ የለኝም፤ ጠዋት ስትነሣ ፊቷን አያለሁ፤ ዛሬስ ነግሯት ይሆን እላለሁ። አልነገራትም። ይህን የማውቀው ቡሬ በመጣች ቁጥር የምታርፈው እኔ ቤት ስለሆነ ነው።